የዲኤንኤ ሞዴል ድሬዳዋ ከዚራ ገዛሁ፣ ባዮሎጂ የምታስጠኑ ሰዎች ይቺን አንብቡ

ከመጨረሻው ልጀምርላችሁና፣ ባዮሎጂ የምታስጠኑ ከሆነ ግዙት፣ ለልጄ ብላችሁ ያሰባችሁ ወላጆች ግን ትንሽ ቆዩ፣ የሚያስረዳው ሰው ከሌለ ጌጥ ሆኖ ቡፌ ላይ ነው ሚቀረው። ዕቃው ከቻይና የሚመጣ የዲኤንኤ ሞዴል ነው፣ ፕላስቲክ፣ ተፈታቶ በካርቶን ታሽጎ ነው ሚሸጠው፣ ገጣጥሞ ማቆም የገዢው ስራ ነው። እኔ ሳቢያን የ12ኛ ክፍል ልጆች አስጠናለሁ፣ ሰሌዳ ላይ ሁለት የተጠማዘዘ መስመር እየሳልኩ "ይሄ ዲኤንኤ ነው" ማለት ሰልችቶኝ ነው የፈለግኩት። ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ሄጄ ነበር፣ ስልክና ቻርጀርና ሽቶ እንጂ እንዲህ አይነት ነገር የለም፣ መጨረሻ ከዚራ አንድ የጽህፈት መሳሪያ ቤት አቧራ ጠጥቶ ተቀምጦ አገኘሁት። ሁለት ሺ ብር ሊሞላ ትንሽ ነው ሚቀረው፣ ለፕላስቲክ ውድ ነው፣ አውቃለሁ።

ባለሱቁን ግን ማመስገን አለብኝ። "አቦ አንቺ ራስሽ ቁጠሪው፣ ቤት ገብተሽ ጎደለ ምናምን እንዳትዪኝ" ብሎ ካርቶኑን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው፣ ስንቆጥር አንድ ፎስፌት ጎደለ፣ ምንም ሳይከራከር ከሌላ ካርቶን አውጥቶ ሞላልኝ (ያኛውን ካርቶን የሚገዛውን ሰው አላህ ይሁነው)።

ውስጡ ያለው 12 ጥንድ የሚሆኑ 24 ቤዞች (የዲኤንኤ ፊደሎች የምንላቸው) በአራት ቀለም፣ አምስት ማዕዘን ያላቸው ነጫጭ ስኳሮች፣ ፎስፌት የሚባሉት ጥቋቁር ኳሶች፣ ማቆሚያ እግር፣ ከዛ በቻይንኛ ብቻ የተጻፈ ወረቀት። ወረቀቱን ተዉት። ሲገጣጠም ስኳርና ፎስፌት እየተፈራረቁ ሁለቱን የጎን ሰንሰለት ይሰራሉ፣ ቤዞቹ ወደ ውስጥ ይገቡና መሃል ላይ ይያያዛሉ። እዚህ ጋ የሰሩት ነገር በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ኤ እና ጂ የሚባሉትን ረዘም አድርገው ነው የሰሯቸው፣ ቲ እና ሲ አጠር ያሉ ናቸው፣ በእውነተኛውም እንደዛ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀለበት አላቸው የኋለኞቹ አንድ። ስለዚ ሁሌም አንድ ረጅም ከአንድ አጭር ጋር ስለሚገናኝ ስፋቱ ከላይ እስከታች እኩል ይሆናል፣ ጫፋቸውም ኤ ከቲ ጋር ብቻ፣ ጂ ከሲ ጋር ብቻ እንዲገጥም ሆኖ ነው የተቀረጸው። ቻርጋፍ የሚባለው ኬሚስት ከዚህ ሁሉ ሞዴል በፊት የኤ መጠን ከቲ ጋር የጂ መጠን ከሲ ጋር እኩል እየሆነ ያገኘው ለምን እንደሆነ ልጅ በእጁ ሲሞክረው ወዲያው ይገባዋል፣ ኤን ከሲ ጋር ለማጣበቅ ሲታገሉ ማየት ነው።

ጥምዘዛውም ልክ ነው፣ ወደ ቀኝ። ለማረጋገጥ ማንኛውንም ተራ ብሎን አጠገቡ ያዙት፣ ጥርሱ የሚሄድበት አቅጣጫና የሞዴሉ አንድ መሆን አለበት። አስቂኙ ነገር ካርቶኑ ላይ ያለው ስዕል ወደ ግራ ነው የተጠማዘዘው፣ ዲዛይነሩ ፎቶውን ገልብጦት ይሆናል፣ ራሱ ሳጥኑ ውስጥ ካለው ዕቃ ጋር ተጣልቷል። አስር ጥንድ አካባቢ ላይ አንድ ሙሉ ዙር ይጨርሳል፣ እሱም ልክ ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ይሄ ሞዴል ጥንካሬውን ገልብጦታል። መሃል ላይ ቤዝና ቤዝ የሚያያዙበት ቦታ ቀጭ ብሎ ሲገባ በጥርስም አይነቀልም፣ ጎን ላይ ስኳርና ፎስፌት የተያያዙበት ደግሞ ስትነኩት ውልቅ ነው። እውነተኛው ዲኤንኤ በተቃራኒው ነው። ጎኑ ኮቫለንት ቦንድ ነው፣ ጠንካራ፣ መሃሉ ግን ሃይድሮጂን ቦንድ ነው፣ ኤና ቲ ሁለት፣ ጂና ሲ ሶስት፣ እያንዳንዷ ለብቻዋ ደካማ ናት፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው የሚይዙት። ይሄ ደግሞ ዝም ብሎ የፈተና ጥያቄ አይደለም፣ ዲኤንኤ ስራውን የሚሰራው በዚህ ልዩነት ነው፣ ሴሉ ሲከፈል ሄሊኬዝ የሚባለው ኢንዛይም መሃሉን እየከፈተ ይሄዳል፣ ጎኑ ግን ሳይበጠስ ፊደሉን በተርታ ይዞ ይቆያል፣ ከዛ እያንዳንዱ ክር ለአዲሱ ክር መነሻ ይሆናል። እኔ ልጆቹ ፊት "አሁን እንከፍተዋለን" ብዬ ስስበው መሃሉ ፍንክች አላለም፣ ጎኑ ተበታትኖ ኳሶቹ ሶፋ ስር ገቡ። አንዱ "ቲቸር ካንሰር ሆነ እኮ" አለኝ፣ አልተሳሳተም ወላሂ።

መፍትሄው ቀላል ነው። መሃል ያሉትን ጥርሶች በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ትንሽ ሞርዱ፣ ላላ እስኪሉ ድረስ፣ ብዙ አትሞርዱ መመለሻ የለውም። ጎኑን ደግሞ፣ ከታች የምነግራችሁን ቀስት ከሳላችሁ በኋላ፣ በሱፐር ግሉ አጣብቁት። ከዛ በማርከር ኤና ቲ መጋጠሚያ ላይ ሁለት ሰረዝ፣ ጂና ሲ ላይ ሶስት ሰረዝ አድርጉ፣ ፋብሪካው ሁሉንም አንድ አይነት ነው ያደረገው።

ማርከሩን ሳታስቀምጡ አንድ ነገር ጨምሩ። ሁለቱ ክሮች አቅጣጫቸው ተቃራኒ ነው፣ አንዱ ከአምስት ፕራይም ወደ ሶስት ፕራይም (የክሩ ሁለት ጫፎች ስም ነው) ወደ ላይ ሲሄድ ሌላኛው ወደ ታች ነው፣ ይሄ ሞዴል ግን ስኳሮቹን በፈለጋችሁት በኩል ይቀበላል፣ ልጆቹ ሁለቱንም ወደ አንድ ጎን አድርገው ገጠሙት፣ ዕቃው ምንም አላለም። ሳታጣብቁ በፊት እያንዳንዱ ስኳር ላይ ቀስት ሳሉበት። አለበለዚያ ፖሊመሬዝ (ዲኤንኤን የሚገለብጠው ኢንዛይም) አዲስ ፊደል የሚጨምረው ሶስት ፕራይም ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ ስለዚ አንዱ ክር በተከታታይ ሲገለበጥ ሌላኛው በቁርጥራጭ ነው የሚገለበጠው ስትሉ (ኦካዛኪ የሚባሉት ጃፓናዊ ባልና ሚስት ያገኙትን ማለቴ ነው) ልጁ አፉን ከፍቶ ነው ሚያያችሁ።

ሙቀት ላይ ደካማ ነው ይሄንንም ልንገራችሁ። ባጃጅ ውስጥ የኋላ መስታወቱ ጋ አስቀምጬው የግንቦት ፀሐይ ሲያገኘው እግሩ ለሰስ ብሎ ጎንበስ አለ። እውነተኛው ዲኤንኤ በኛ ሙቀት አይደነግጥም፣ ፒሲአር የሚባለው ዲኤንኤ የሚያባዛ ማሽን ውስጥ ሁለቱን ክር ለመለያየት 95 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ነው የሚያሞቁት፣ ያኔም የሚለያየው መሃሉ ነው ጎኑ አይበጠስም። ኮሮና ጊዜ ሁላችንም ፒሲአር ፒሲአር ስንል ነበር እኮ፣ ያው መጀመሪያ የቫይረሱን አርኤንኤ (የዲኤንኤ ዘመድ ነው) ወደ ዲኤንኤ ይቀይሩታል ከዛ ማሞቅ ማቀዝቀዝ ነው።

ልኬቱን በማስመሪያ አየሁት። ከአንድ ጥንድ እስከሚቀጥለው 3.4 ሳንቲ አካባቢ ነው፣ እውነተኛው 0.34 ናኖሜትር ስለሆነ ሞዴሉ 100 ሚሊዮን ጊዜ ተልቋል ማለት ነው። ስፋቱ በዚህ ስሌት 20 ሳንቲ መሆን ነበረበት፣ ከዛ ያነሰ ነው፣ ይቅር እንበላቸው። ግን ይቺን ቁጥር ለልጆቹ ስጧቸውና ራሳቸው ያስሉት፣ አንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ተዘርግቶ 2 ሜትር ገደማ ነው፣ በዚህ ሞዴል ልክ ብንሰራው 200 ሺ ኪሎሜትር ይሆናል፣ መሬትን አምስት ጊዜ የሚዞር። ኒውክሊየሱ፣ ዲኤንኤው ያለበት የሴሉ ክፍል፣ ደግሞ በዛው ልክ 600 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ኳስ ነው የሚሆነው። ያን ሁሉ ክር ሳይወሳሰብ እዛ ውስጥ የሚያስገባው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ መጠምጠሙ ነው፣ ስምንት ስምንት ሆነው በተሰበሰቡት ላይ 147 ጥንድ ያህል ይዞራል፣ ከዛ ይቀጥላል ወደሚቀጥለው። ካርቶኑ ውስጥ ሂስቶን የለም፣ በ12 ጥንድ ደግሞ ምኑ ይጠመጠማል።

ስለ ስራው ማለትም ስለ ፕሮቲን ለማስተማር ከመጣችሁ ሞዴሉ ግማሽ መንገድ ላይ ነው ሚተዋችሁ፣ በቲ ፈንታ የሚገባው፣ ዩ የሚባለው የአርኤንኤ ቤዝ የለውም። ከካርቶኑ ክዳን ቆርጬ ሰራሁት፣ ከዛ በኋላ ነው ገንዘቡ ያልቆጨኝ። አንዱን ክር ብቻ አቁሙና ሲ፣ ቲ፣ ሲ ደርድሩበት፣ ከሱ የሚገለበጠው ኤምአርኤንኤ (ፕሮቲን የሚሰራበት የአርኤንኤ ቅጂ) ጂ፣ ኤ፣ ጂ ሆኖ ይወጣል፣ ይሄ ግሉታሚክ አሲድ የሚባለውን አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከአሚኖ አሲዶች ነው የሚሰራው) ነው የሚጠራው። አሁን መሃል ያለውን ቲ ነቅላችሁ ኤ አድርጉት፣ ጂ፣ ዩ፣ ጂ ይሆናል፣ ቫሊን ማለት ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ፕሮቲን ሄሞግሎቢን ውስጥ ቤታ የሚባለው ሰንሰለት 146 አሚኖ አሲድ አለው፣ ስድስተኛዋ ቦታ ላይ ይቺ ለውጥ ከእናትም ከአባትም በኩል ከመጣች ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ ነው፣ ኦክስጅን ሲያንስ ቀይ የደም ሴሉ ማጭድ ይመስላል። አንዲት ሰማያዊ ፕላስቲክ በቀይ መቀየር ይሄን ያህል ነው። ከጎኔ የነበረችው ልጅ ፕላስቲኳን ይዛ "ይቺው ብቻ?" ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ።

እሷው ናት ደግሞ ስለ ወተት የጠየቀችኝ፣ እኛ ድሬ የግመል ወተት እየጠጣን አድገን ሌላው ሰው ለምን ሆዱን ያመዋል ብላ። ጥሩ ጥያቄ ነው ምክንያቱም ፕሮቲን የሚጻፍበት የዲኤንኤ ክፍል ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም፣ ከቀረው ውስጥ ጂን መቼና የት እንደሚሰራ የሚያዙ ቦታዎች አሉ። የወተት ስኳር የሚፈጨው የላክቴዝ ጂን ብዙ ሰው ላይ ከልጅነት በኋላ ይቀዘቅዛል፣ እንዳይቀዘቅዝ የሚያደርገው ለውጥ ያለው ራሱ ጂኑ ላይ ሳይሆን 14 ሺ ፊደል ያህል ቀደም ብሎ ነው፣ በዚህ ሞዴል ልክ ግማሽ ኪሎሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። አውሮፓ ላይ አንድ ፊደል ነው የተቀየረው፣ ምስራቅ አፍሪካና አረብ አገር ያሉ ወተት ጠጪዎች ላይ ደግሞ እዛው አካባቢ ያሉ ሌሎች ፊደሎች ናቸው፣ ለየብቻ የመጣ ለውጥ ነው። ይሄን ሞዴሉ ላይ ማሳየት አይቻልም፣ በአፍ ነው።

ሌላ ቅር ያለኝ ካርቶኑ ጀርባ ላይ የዲኤንኤን ቅርጽ ያገኙትን የዋትሰንና የክሪክን ስም ብቻ ነው የጻፉት። እነሱም እኮ ሞዴል ነበር የሚገጣጥሙት፣ ካምብሪጅ ውስጥ፣ ከብረት። በ1951 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሰሩት የመጀመሪያው ሶስት ክር ያለውና ፎስፌቱ ወደ ውስጥ የገባ ነበር፣ ዲኤንኤን በኤክስሬይ የምታጠናው ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ከለንደን መጥታ አየችውና ፎስፌት ውሃ ይወዳል ውጪ ነው መሆን ያለበት ብላ ውድቅ አደረገችው። በ1953 ልክ የሆነው ሲወጣም የሷ ላቦራቶሪ ያነሳው የኤክስሬይ ፎቶ ሳታውቅ ለዋትሰን ታይቶ ነበር። በ1958 በ37 ዓመቷ ሞተች፣ ኖቤሉ በ1962 ለሶስት ወንዶች ተሰጠ። ቢያንስ ስሟን ቢጽፉ ቀለም አያልቅባቸውም ነበር፣ እኔ በማርከር ጽፌዋለሁ።

አቅም ካላችሁ ሁለት ካርቶን ግዙ፣ ምክንያቱም አንድ ካርቶን ለአንድ ዲኤንኤ ልክክ ያለ ነው፣ ከፍታችሁ መገልበጥ ብትጀምሩ ፊደል ያልቅባችኋል። እኔ ሁለተኛውን ስገዛ ስኳሮቹ ነጭ ሳይሆኑ ብርቱካናማ ሆነው መጡ፣ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ በኋላ ሳስበው እሰይ ነው፣ ነጩን ከፍቼ በብርቱካናማ ስሞላው ሁለቱም አዲስ ዲኤንኤ አንድ ነጭ አንድ ብርቱካናማ ክር ሆኖ ቁጭ አለ፣ ሜሰልሰንና ስታል የሚባሉት ሳይንቲስቶች በ1958 አሮጌውንና አዲሱን ክር በከባድና ቀላል ናይትሮጅን ለይተው ያሳዩት ማለት ነው። ጥርሱ ከፊተኛው ትንሽ ይወፍራል ግን ብርጭቆ ወረቀት አለላችሁ።

ሁለት ለሚወስድ ባለሱቁ ትንሽ ቀነስ ያደርጋል፣ ተከራከሩት። ከ7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት እንዳትሄዱ ብቻ፣ ያኔ በርጫ ላይ ነው፣ ዝግ ነው።