ወሎና ጅማ በአንድ ቀሚስ፦ የመድረክ ውዝዋዜ ልብስ ሲፈተሽ

ጅማ መርካቶ አካባቢ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ለባህል ቡድኖች የሚያዘጋጀው ይህ ቀሚስ ሐሳቡ ልብ ይነካል። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነሥተው በቀድሞው ከፋ ክፍለ ሀገር የሰፈሩትን ሰዎች ነጭ ሸማ ከኦሮሞው ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ጋር አጋጥሞታል፤ አንዱ ሌላውን አልዋጠውም።

ከሁሉ የሚመሰገነው ብብቱ ነው። እስክስታ ትከሻን ስለሚወረውር፣ ብብቱ ላይ ቁራጭ ያልገባበት እጅጌ ገና በልምምድ ይተረተራል። እዚህ ግን 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ፣ አንዱ ጥግ ወደ እጅጌው ዞሮ ገብቷል፤ ክንድ ሲነሣ ወገቡ አብሮ አይሳብም።

ጨሌው ላይ ግን ተሳስተዋል። የአንገቱ ሙሉ ፍሬ በአንድ ክር ስለተሰካ አንድ ቦታ ከተበጠሰ መድረኩ ላይ ይበተናል፤ ባዶ እግሩን ለሚጨፍር ሰው አደጋ ነው። በናይለን ክር፣ በየ5 ፍሬው እየተቋጠረ እንደገና መሰካት አለበት።

ቀዩ ጥለትም ቀለም ይለቃል። ከመረከብዎ በፊት እርጥብ ነጭ ጨርቅ ለግማሽ ደቂቃ ይጫኑበት፤ ጨርቁ ከቀላ ጥለቱ እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ። ሲያጥቡት በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይዘፈዝፉ፤ ሲያሰጡት በጥላ። በጅማ ክረምት እርጥበቱ ሳይወጣለት አጥፎ ፌስታል ውስጥ ማስቀመጥ ሻጋታ መጥራት ነው፤ ሸማ ላይ የቀረ ጥቁር ነጠብጣብ በቀላሉ አይለቅም።

የታችኛው ዙሪያ 3 ሜትር ያህል ነው፣ ለመሽከርከር ይበቃል። ጠርዙ በ1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለታጠፈ ግን በዙር ላይ ይገለባል። 4 ሴንቲ ሜትር ታጥፎ ቢሰፋ ከብዶ ይወርዳል፤ ሲያዙ ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው።