ሄደር ወይስ የፋብሪካው ማኒፎልድ፦ በአንድ አሮጌ ፒክአፕ ላይ ሁለቱንም ከገጠምኩ በኋላ

ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ «ቲክ፣ ቲክ» የሚል ድምፅ ይሰማና ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን የቫልቭ ድምፅ አድርጎ ይወስደዋል፤ እኔም ለወራት እንደዚያ አስቤ ቫልቩን ደጋግሜ አስተካክያለሁ። በመጨረሻ ግን ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ከሚገጠመው የሞተሩ ክዳን) የሚወጣውን የተቃጠለ ጋዝ ሰብስቦ ወደ ማርሚታው (ድምፁን ወደሚቀንሰው የጭስ ማውጫ ክፍል) የሚያደርሰው ማኒፎልድ መሰንጠቁን አየሁ። ስንጥቁ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይከፈታል፣ ብረቱ ሲሞቅ ደግሞ ስለሚለጠጥ ይገጥማል፤ በዳርቻው የተጋገረው ጥቁር ጥላሸትም ጋዙ የት እንደሚያመልጥ በግልጽ ያሳያል። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ችላ ማለት አይገባም፤ ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው መርዝ ስለሆነ ጋቢና ውስጥ ቢገባ ሹፌሩ ሳያውቀው ይጎዳል።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራ ፎርድ ኤፍ-150 ሲሆን፣ ሞተሩ ፎርድ ከ1965 እስከ 1996 ያመረተው፣ ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩበት ባለ 4.9 ሊትር ሞተር ነው፤ ባለቤቶቹ በኪዩቢክ ኢንች መጠኑ «300» ይሉታል። በዚህ ሞተር ላይ መጀመሪያ ሄደር (በፋብሪካው ማኒፎልድ ፋንታ የሚገጠም፣ ከቱቦዎች የተበየደ የጭስ መሰብሰቢያ)፣ ከዚያም ከሌላ ዘመን ሥሪት የተወሰደ የፋብሪካ ማኒፎልድ ገጥሜ ሁለቱንም በሥራ ላይ አይቻቸዋለሁ። ጭነት ለሚያነሣና ተጎታች ለሚስብ መኪና ሄደር ልክ አይደለም የሚል አቋም አለኝ፤ ምክንያቴ የሚጀምረው ሄደር ከሚሠራበት መንገድ ነው።

ሄደር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ቱቦ ይሰጥና ቱቦዎቹን ራቅ ብሎ አንድ ቦታ ያገናኛቸዋል። ከአንዱ ሲሊንደር ተተኩሶ የወጣው ጋዝ ከኋላው ዝቅተኛ ግፊት ይተዋል፣ ያ ዝቅተኛ ግፊት ደግሞ ተራው የደረሰውን የሚቀጥለውን ሲሊንደር ጋዝ ይስባል። ይህ መሳሳብ እውነተኛ ነው፤ ይሁንና የሚሠራው የቱቦው ርዝመትና ስፋት ከሞተሩ ዙር ጋር ሲጣጣም ብቻ ነው። ቱቦው ሲሰፋ የጋዙ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ መሳሳቡ ይዳከማል፣ የዚህም ጉዳት ጎልቶ የሚታየው ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ነው። የኔ ሞተር ደግሞ የሥራ ዕድሜውን የሚያሳልፈው በደቂቃ ከ1,500 እስከ 2,500 ዙር ባለው መካከል ሲሆን፣ ከ3,500 ዙር በላይ ብዙም የሚሰጠው ነገር የለም። ሻጩ የሚያወድሰው ጥቅም በአብዛኛው የሚገኘው እኔ ከማልደርስበት ዙር ላይ ነበር።

የገዛሁት ሄደር ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ተራ ጥቁር ቀለም የተቀባና ከቀጭን ቱቦ የተበየደ ነበር። ድምፁ አምሮ ነበር፤ ባዶውን መኪና በፍጥነት መንገድ ላይ ስነዳም ሞተሩ ቀለል ብሎት ይወጣ ነበር፣ ይህን መካድ አልፈልግም። ችግሩ ያለው ከቴስታታው ጋር በሚጋጠምበት ጠፍጣፋ ብረት ላይ ነው። በዚህ ሞተር ኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየርና ነዳጅ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገባው) እና የጭስ ማኒፎልዱ በአንድ በኩል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ አንዳንዶቹ ብሎኖችም በአንድ ሮንዴላ ሁለቱን አብረው ያጣብቃሉ። የሄደሩ ጠፍጣፋ ብረት ከኢንቴኩ ስለሚሳሳ ሮንዴላው ያዘነብላል፤ ወፍራሙ በደንብ ተጣብቆ ሳለ ቀጭኑ ልል ሆኖ ይቀራል፣ በመካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱም፣ ከዚያው በኩል ይቃጠላል። ብሎኖቹን ደጋግሜ አጠበቅሁ፣ ጋስኬቱንም ሁለት ጊዜ ቀየርሁ፤ መፍትሔ ያገኘሁት ግን የጎደለውን ውፍረት የሚሞላ ደረጃ ያለው ሮንዴላ አሠርቼ ስገጥም ነው። ይህን ሞተር ይዞ ሄደር የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሁለቱን ውፍረት በካሊፐር ይለካ።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) ባላቸው የዚህ ሞተር ሥሪቶች የፋብሪካው የጭስ ማኒፎልድ ከኢንቴኩ ሥር ተያይዞ ከታች ያሞቀዋል፣ ዓላማውም ነዳጁ በቀዝቃዛ ብረት ላይ ጠብታ ሆኖ ከመቅረት ይልቅ ተንኖ ከአየር ጋር እንዲቀላቀል ነው። ሄደር ሲገጠም ይህ ሙቀት ይቋረጣል፤ በዚህም ምክንያት በብርድ ጠዋት ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጡት ያመነታል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ከካርቡሬተሩ ሥር የሞተሩን ሙቅ ውኃ የሚያዘዋውር ክፍል ያላቸው ኢንቴኮች ጉዳቱን ይክሳሉ፤ ነገር ግን ይህ ተጨማሪ ዕቃ፣ ተጨማሪ ጎማ ቱቦና ተጨማሪ የሚያፈስ ቦታ ማለት ነው። ኢንቴኩ ሙቀት ሲያጣ ቀጭኖቹ ቱቦዎች ደግሞ በተቃራኒው ሙቀታቸውን ወደ ሞተር ክፍሉ ይረጫሉ። በቪ8 ሞተሮች ላይ ይህ ይበልጥ ይከፋል፣ ምክንያቱም በእነሱ የካንዴላ ገመዶችና ብዙ ጊዜም ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ከቱቦው አጠገብ ስለሚሆኑ ገመዱ ይቀልጣል፣ የጋለ ሞተሪኖም ሞተሩን ለማዞር ይቸገራል። አንዳንዶች ቱቦውን ሙቀት በሚይዝ ጨርቅ ይጠቀልሉታል፤ ጨርቁ ግን እርጥበትም ይይዛልና ተራውን ብረት ቶሎ ያዝገዋል። ሄደር ግድ ከሆነ ሴራሚክ የተቀባ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራ መግዛት ይሻላል። የኔው ቀለም ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቃጥሎ ረገፈ፣ ዝገቱም ተከተለው።

በመጨረሻ ያነሣሁት ሄደሩን ነው፤ በቦታው ያስገባሁት ግን የተሰነጠቀውን የሚመስል ነጠላ ማኒፎልድ አይደለም። ፎርድ በ1987 ይህን ሞተር ወደ ነዳጅ መርጫ ሥርዓት ሲያዞረው የጭስ ማኒፎልዱን ለሁለት ከፈለው፦ አንዱ የፊቶቹን ሦስት ሲሊንደሮች፣ ሌላው የኋላዎቹን ሦስት ይሰበስባል። የሞተሩ የመተኮስ ቅደም ተከተል 1-5-3-6-2-4 ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ግማሽ ውስጥ ጋዙ የሚወጣው የሞተሩ ዋና ዘንግ በዞረ በየ240 ዲግሪው እኩል ተራርቆ ነው፤ የአንዱ ጋዝ የሌላውን መንገድ አይዘጋም። ይህ በሄደር የሚፈለገውን ጥቅም ትልቁን ክፍል በወፍራም፣ በጸጥተኛና ረጅም ዘመን በሚኖር ቀልጦ በተሠራ ብረት ይሰጣል። አንድ ወጥ ረጅም ብረት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ በመለጠጥና በመሰብሰብ ራሱን ይሰነጥቃል፤ ሁለት አጫጭር ብረቶች ግን የሚለጠጡት ርዝመት አነስተኛ ስለሆነ ጫናው ይቀልላቸዋል። እነዚህን ማኒፎልዶች ከአሮጌ መኪና ነቅሎ መውሰድ ይቻላል፣ ነገር ግን ከመግጠም በፊት የሚጋጠመው ፊት በቀጥ ማስመሪያ ተፈትሾ፣ ከተጣመመም በማሽን ተልጎ መስተካከል አለበት።

እንከንም አለባቸው። ከሁለት መውጫ ወደ አንድ የሚያገናኝ ቱቦ በልክ ማስበየድ ያስፈልጋል፤ የካርቡሬተሩን ኢንቴክ ሙቀት እነሱም ስለማይሰጡ ከላይ ያነሣሁት የጠዋት ማመንታት በሄደር እንደነበረው ሁሉ በእነሱም ላይ ይታያል፣ የሙቅ ውኃውም መፍትሔ ለእነሱም ያስፈልጋል። ስለዚህ መኪናው በብርድ አገር የሚኖርና ለቀላል ሥራ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ነጠላ ማኒፎልድ በአዲስ መተካት የበለጠ ብልህነት ነው እላለሁ። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የተቀየረ፣ ቴስታታው የተሠራና ከፍ ባለ ዙር የሚነዳ ሞተር ያለው ሰው ደግሞ ሄደርን ቢመርጥ አልቃወምም፤ ለእሱ ቱቦው በእርግጥ ይሠራል።

የትኛውም ቢመረጥ ከባዱ ሥራ አሮጌውን መፍታት ነው። ዝገት የሚያላቅቀውን ዘይት ከቀናት በፊት ጀምሮ ደጋግሜ አፈሰስሁ፣ እምቢ ያሉትን ብሎኖች በእሳት አሞቅሁ፣ ያም ሆኖ ሁለቱ ቴስታታው ውስጥ ተሰበሩ። ቀጥ አድርጎ መሰርሰር ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ወደ ግራ የሚዞር የመሰርሰሪያ ጫፍ ግን አንዱን እየሰረሰረ ሳለ ራሱ ፈትቶ አወጣልኝ። አዲሱን ሲያስሩ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር እየተፈራረቁ፣ በአምራቹ መመሪያ በተጻፈው ልክ ማጥበቅ ይገባል፤ ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላም መድገም ያስፈልጋል። ይህን በሁለቱ ማኒፎልዶች ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አደረግሁ፤ ጠዋት ሞተሩን ሳስነሣ ያ ድምፅ አሁን የለም።