ለስዊድን ጫካ የተገዛው የአፈር ናሙና ማውጫ ቱቦ፦ ከሁለት ዓመት በኋላ

ይህን ቱቦ ሁለት ዓመት ሙሉ በትከሻዬ ተሸክሜዋለሁ። ደጉንም ክፉውንም አይቻለሁ።

ዕቃው ቀላል ነው። የማይዝግ ብረት ቱቦ፣ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር፣ አፉ የሻይ ብርጭቆ የሚያህል። ጫፉ ላይ ስለት ያለው ቀለበት ይታሰራል። አናቱ ላይ በዘንግ ከፍ ዝቅ የሚል መዶሻ አለው። መትታችሁ ታስገባላችሁ፣ ትስባላችሁ፣ ከዚያ ቱቦው ለሁለት ይከፈታል። አፈሩ ከላይ እስከ ታች ተጋድሞ ይታያል።

የዶክትሬት ጥናቴ ሲዚየም 137 የሚባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በቀዝቃዛ አገር አፈር ውስጥ ምን እንደሚሆን ነው። የምሠራው ስዊድን ውስጥ፣ ከኡፕሳላ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዬቭሌ አካባቢ ባለ ጫካ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 የቼርኖቤል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ፈነዳ። ደመናው በነፋስ እስከዚህ መጣ። በ28 እና 29 ደግሞ እዚህ ዘነበ፤ በአየር የነበረው ሲዚየም መሬት ላይ ወረደ። የሲዚየም 137 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም መጠኑ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 30 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ከዚያ ሁሉ ዛሬም 40 በመቶ ያህሉ አለ። የአካባቢው አዳኞች የዱር አሳማ ሲገድሉ ሥጋውን ያስለካሉ። ለገበያ የሚፈቀደው በኪሎ እስከ 1500 ቤኬሬል (የጨረር መለኪያ አሃድ) ነው። አሳማው አፈር እየቆፈረ ከመሬት በታች የሚበቅል እንጉዳይ ስለሚበላ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያልፋል።

ሲዚየም ጠባዩ ፖታሲየምን ይመስላል። ሸክላ አፈር ካገኘ በማዕድኑ ስስ ንብርብሮች ጠርዝ ገብቶ ይሸጎጣል። የጥድ ጫካ ላይኛው አፈር ግን ሸክላ የለውም። ሳረንስት (መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍን አጭር አረንጓዴ ተክል)፣ የረገፈ ቅጠልና ብስባሽ ነው። ብርዱ ደግሞ መበስበሱን ያዘገየዋል። ስለዚህ አብዛኛው ሲዚየም ርቆ አልሄደም። ሥርና እንጉዳይ እየተቀባበሉት እዚያው ላይኛው አፈር ውስጥ ይዞራል።

እኔ አፈሩን በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ነው የምቆርጠው። እያንዳንዷ ቁራጭ ትደርቃለች፣ ትመዘናለች፣ ከዚያ የጨረር መለኪያው ላይ አንድ ቀን ሙሉ ትቀመጣለች። አንዲት ሴንቲ ሜትር ቦታዋን ከሳተች ውጤቱ ውሸት ይሆናል።

የቱቦው ጥፋት እዚህ ላይ ነው። አሸዋማ አፈር ላይ ግሩም ነው። ሳረንስትና ብስባሽ ላይ ግን ይጨፈልቃል። የመጀመሪያው በጋ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር አስገብቼ ስከፍተው 14 አገኘሁ። ስድስቱ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ተጨምቀው አልቀዋል። አስራ አንድ ናሙና ጣልኩ። የአንድ ወር ሥራ ነው፤ ከልቤ አዘንኩ። ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል የለውም። ለዶክትሬት ተማሪዎች የሚሸጥ ዕቃ ላይ ይህ መጻፍ ነበረበት።

መፍትሔው ድፎ ዳቦ የምንቆርጥበት ዓይነት ጥርሳም ቢላዋ ሆነ። መጀመሪያ ብስባሹን ዙሪያውን በቢላዋው እየገዘገዝኩ፣ ሳልጫነው፣ እንዳለ በአራት ማዕዘን አነሳዋለሁ። ቱቦውን የማስገባው ከዚያ በታች ላለው አፈር ብቻ ነው። አሁን ቢላዋው ከቱቦው ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚሄደው።

የብርዱ ወቅት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። እዚህ ግን ውርጩ አፈሩ ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ ላይ ቱቦው ላይ የቀረችው እርጥበት ሁለቱን ግማሾች እንደ ሙጫ ታጣብቃቸዋለች። ካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ ደረቴ ላይ አሙቄ ነው የምከፍተው። ስለቱም ድንጋይ ሲነካ ይታጠፋል።

ሲከፈት ግን ድካሜን ሁሉ እረሳለሁ። ባለፈው ኅዳር አንዱን ከፈትኩት። ቡናማው አፈር መሀል እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሱ የበረዶ ንብርብሮች አሉ፤ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ ሳይሰበሩ። አፈር ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ያለው ውሃ ወደሚቀዘቅዘው ክፍል ይሳባል፤ በረዶውን የሠራው ያ ውሃ ነው። ሲዚየሙ አብሮ ተስቦ ይወጣል ወይ? የጥናቴ ጥያቄ ይህ ነው። ያንን በረዶ ቦታው ላይ እንዳለ ያሳየኝ ይህ ቱቦ ነው። ከተዘጋ ቱቦ ውስጥ ገፍቶ የሚወጣ ናሙና ይሰባበራል፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ አሸዋማ ወይም የቀዘቀዘ አፈር ላይ የምትሠሩ ካላችሁ ግዙት። ዋጋው ይከብዳል፤ የእኔን የከፈለው የጥናቱ በጀት ነው። ስትገዙ ትርፍ የስለት ቀለበት አብራችሁ እዘዙ፤ እኔ አንድ ብቻ ይዤ ወጥቼ ሲታጠፍ ከጫካው ባዶ እጄን ተመልሻለሁ። መዶሻውንም በባዶ እጅ አትያዙት፣ ብርዱ ቆዳችሁን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል። ሥራችሁ ረግረግ ወይም ወፍራም ብስባሽ ብቻ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ። ቢላዋው ይበቃችኋል።