የሞተር ጎማ ባላንስ፦ ኮምቦልቻ ላይ ያገኘሁት ጎሚስታ

ሞተሬ አፓቺ ናት። ከወር በፊት ደሴ ላይ የፊት ጎማዋን አስቀየርኩ። የቀየረልኝ ልጅ ፈጣን ነው፣ ከፍዬ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ሳጥባት ነው ቸርኬው ላይ ተለጥፈው የነበሩት ትንንሽ የባላንስ ክብደቶች እንደሌሉ ያየሁት። የሙጫው ፋና ብቻ ቀርቷል። ተመልሼ ስጠይቀው «እሱ ለመኪና ነው፣ ለሞተር ምንም አያደርግም» አለኝ።

ያደርጋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ በዝግታ ስለነበር አልታወቀኝም። ኮምቦልቻን አልፌ ወደ ሐርቡ በሚወስደው ሜዳ 70 ስገባ ግን መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ 80 ላይ ጣቶቼ ደነዘዙ። ስቀንስ ይጠፋል።

ጎማ አንድ ጎኑ ትንሽ ከከበደ ሲሽከረከር ያ ጎን ወደ ውጭ ይጎትታል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። እኔ በግምት ሳሰላው በ17 ቁጥር ቸርኬ ላይ 30 ግራም ልዩነት በ40 ፍጥነት አንድ ኪሎ ያህል ይጎትታል፣ በ80 ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። ከተማ ውስጥ ብቻ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ላይሰማው ይችላል። ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚመላለስ ሰው ግን ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም፤ ጎማው እኩል አይበላም፣ ኩሽኔታውም ይጎዳል።

መጀመሪያ የባላንስ ማሽን ያለው የመኪና ጎማ ቤት ሄድኩ። ማሽኑ የሞተር ቸርኬ የሚይዝበት የለውም ብለው መለሱኝ። ከዚያ አንድ የባጃጅ ሹፌር ወደ ሐርቡ መውጫ ላይ ያሉትን ሰውዬ ጠቆመኝ። በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። «ጋሼ፣ ክብደቱ ጠፍቶብኝ ነው» ስላቸው «አብሽር፣ ማሽን አያስፈልገውም» አሉኝ።

አሠራራቸውን ቆሜ አየሁ። ጎማውን አወለቁ። ቀጭን ብረት በመሃሉ አሳልፈው በሁለት ማቆሚያ ላይ አስቀመጡት፣ እኩል መቆሙንም በውሃ ልክ አዩ። ከዚያ በፊት ግን ኩሽኔታውን በጣት አዙረው ፈተሹ፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ዙሪያውን እኩል መቀመጡንም አዩ፣ ምክንያቱም መንቀጥቀጡ ከዚያም ሊመጣ ይችላል። ጎማውን ለቀቁት። ከባዱ ጎን ራሱ ወርዶ ታች ቆመ። ከላይ፣ በትክክል ፊት ለፊቱ፣ ክብደት በፕላስተር ለጊዜው ለጠፉ። ሩብ ዙር አዙረው ለቀቁ፣ እንደገና ወረደ፤ 5 ግራም ጨመሩ። እንዲህ እያሉ የትም ቢለቁት የሚቆም እስኪሆን ሠሩት። በመጨረሻ ቸርኬውን በአልኮል አጽድተው ክብደቱን ለሁለት ከፍለው ግራና ቀኝ ለጠፉ። ሳይጸዳ የተለጠፈ እንደሚወድቅ ነገሩኝ።

እኔ የድሮው ፋና ላይ ያንኑ ያህል ቢመልሱልኝ ይበቃል ብዬ ነበር። «ጎማው አዲስ አይደል? የድሮው ልክ ለድሮው ጎማ ነው» አሉኝ። ይሄን አላውቅም ነበር። ያው ጎማ ሳይቀየር ክብደቱ ብቻ ከወደቀ በቦታው መመለስ ይሠራል፣ ጎማ ከተቀየረ ግን ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

ለፊት ጎማው 200 ብር ከፈልኩ። በማግስቱ ያንኑ መንገድ በ80 ሄድኩ፣ መሪው ጸጥ ብሏል። ደስ ብሎኛል።

ቅር ያለኝም አለ። ብቻቸውን ናቸው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅኩ። ሥራው ደጅ ላይ ስለሆነ ዝናብ ከመጣ ይቆማል። አንዳንዱን ክብደት ከእርሳስ ብረት በቢላ ቆርጠው በባዶ እጅ ነው የሚይዙት፤ እርሳስ መርዝ ነውና ጓንት ቢያደርጉ፣ ሻይ ከመጠጣታቸው በፊትም እጃቸውን ቢታጠቡ ደስ ይለኛል። ነግሬያቸዋለሁ።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ጎማውንም ቀድማችሁ ከጭቃ አጽዱት። የደረቀ ጭቃ ራሱ ክብደት ነው። የኋላውን እኔ በሚቀጥለው ሳምንት እወስደዋለሁ።