ዋንጫ የሚሰበስብ ክለብ እና ተጨዋች የሚያወጣ ክለብ፦ የዲሲ አካባቢ የሴት ልጆች ትራቭል ቡድኖች ሲመዘኑ

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሴት ልጁን «ትራቭል» ወደሚባለው የፉክክር ቡድን የሚያስገባ ወላጅ ለዓመቱ ከ2,000 ዶላር በላይ መክፈሉ የተለመደ ነው። ዩኒፎርሙ፣ የቶርናመንት መዋጮው፣ ሆቴሉና ቤንዚኑ ሲታከልበት ሂሳቡ እጥፍ የሚሆንበት ቤት አለ። ይህን ያህል የሚያስወጣ ነገር እንደማንኛውም አገልግሎት ቢመዘን ነውር የለውም። እዚህ የምንመዝነው አንድን ክለብ አይደለም፤ ክለቦቹ በጅምላ የሚሸጡትን አገልግሎት ነው።

ፍርዱን አስቀድመን እንንገራችሁ። ልጅቷ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች የቡድኑ ደረጃ ስለምትገዙት ነገር የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። የደቂቃ ክፍፍሉን፣ የቦታ ቅይይሩንና ልምምዱን እዩ። ከ15 ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አንድ ለዜሮ እየመሩ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች መጨረስም ራሱ ትምህርት ነው፣ ያኔ ለማሸነፍ የማይጫወት ቡድን ግማሹን ትምህርት ያስቀርባታል።

ክለቦች በ9 ዓመት ልጆች ማሸነፍን ለምን እንዲህ ይፈልጉታል? ጎትስፖርት የተባለው መድረክ ለቡድኖች ነጥብ እየሰጠ ደረጃ ያወጣል፤ ደረጃው ከፍ ያለ ቡድን በሚቀጥለው የሙከራ ሰሞን ብዙ ልጅ ይመጣለታል፤ ብዙ ልጅ ማለት ብዙ ከፋይ ማለት ነው። አሰልጣኙ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ገበያው ነው የሚገፋው።

በዚያ ዕድሜ ማሸነፍ ደግሞ ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ቀድማ ያደገችውንና ምቷ የጠነከረውን ልጅ ኋላ፣ ፈጣኗን ፊት ማሰለፍ ይበቃል። ኋላ ያለችው ትጠልዛለች፣ ፊት ያለችው ትሮጣለች። በዚህ ዕድሜ በየቡድኑ ሰባት ልጅ የሚሰለፍበት የ7 ለ7 ሜዳ ርዝመቱ ከ55 እስከ 65 ያርድ ስለሆነ አንድ ጥልዝ ግማሹን ይጨርሰዋል፤ መሃል ያሉት ልጆች ኳሷ ከራሳቸው በላይ ስታልፍ ቀና ብለው ያያሉ። ቅዳሜ 6 ለ1 ያሸንፋሉ፣ ወላጅም ደስ ይለዋል። ዕዳው የሚከፈለው በ13 ዓመት ነው። ጨዋታው 11 ለ11 ይሆናል፣ ሜዳው ይሰፋል፣ ዘግይተው ያደጉት በቁመት ይደርሱባታል። ሴት ልጆች ቁመታቸው በፍጥነት የሚመዘዘው 12 ዓመት አካባቢ ነው፤ በ10 ዓመቷ ሁሉን ትበልጥ የነበረች ልጅ በ14 ዓመቷ መካከለኛ ሆና ስትገኝ እጇ ላይ ያለው ያው ጥልዝ ብቻ ይሆናል። በ11 ዓመቷ «ትንሽ ናት» ተብላ የተቀነሰችውስ? ብዙ ጊዜ ያኔ ኳሱን ትታዋለች።

የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2017 ያስገደዳቸው ደንቦች የተጻፉት ይህንን ለመግታት ነው። 9 እና 10 ዓመት 7 ለ7፣ 11 እና 12 ዓመት 9 ለ9፣ ከ13 ጀምሮ 11 ለ11። በ7 ለ7 በእያንዳንዱ አጋማሽ ሜዳ ላይ አንድ መስመር ይሰመራል። ግብ ጠባቂዋ ኳስ በእጇ ስትይዝ ወይም የመልስ ምት ሲሆን ተጋጣሚዎች እስከዚያ መስመር መሸሽ አለባቸው፤ እሷም ኳሱን ከእጇ ለቃ በአየር መምታት አይፈቀድላትም። ሐሳቡ ጨዋታው ከኋላ በቅብብል እንዲጀመር ነው።

አንድን ክለብ በነፃ ለመፈተን ይህችን ቅጽበት የሚያህል የለም። የ10 ዓመት ቡድኑ ሲጫወት ሄዳችሁ ዳር ቁሙና ግብ ጠባቂዋ ኳስ የያዘችበትን ጊዜ ብቻ ተመልከቱ። የሚያስተምር አሰልጣኝ ካላቸው ሁለቱ ተከላካዮች ወደ ሁለቱ ዳር ይከፈታሉ፣ አንዷ አማካይ ጀርባዋን ለተጋጣሚ ሙሉ በሙሉ ሳትሰጥ ጎን ብላ ትወርዳለች፣ ኳሱ በመሬት ይንከባለላል። ይነጠቃሉ፤ ጎል ይቆጠርባቸዋል፤ በመስከረም ወር እንዲያውም ደጋግሞ ይቆጠርባቸዋል። ቀጥሎ የሚሆነውን እዩ። አሰልጣኙ በድጋሚ እንዲሞክሩት ካደረገ ገንዘባችሁ ሥራ ላይ ነው። «አውጪው! ምቺው!» የሚል ጩኸት ከተሰማ ደንቡ ተከብሯል፣ ዓላማው ግን ተጥሏል። አንዳንዱ ደግሞ የባሰ ብልጠት አለው፦ ግብ ጠባቂዋ ለተከላካዩዋ ሁለት ሜትር ታንከባልልላታለች፣ ተከላካዩዋ ወዲያው ትጠልዘዋለች።

ወደ ደቂቃው እንምጣ፤ ቅሬታ የሚበዛበት እዚህ ነው፣ ሂሳቡን ግን የሚሠራ ወላጅ አይበዛም። የ7 ለ7 ጨዋታ 50 ደቂቃ ነው፤ ሰባት ቦታ በ50 ሲባዛ 350 ደቂቃ ይሆናል። መዝገቡ በሚፈቅደው ልክ 12 ልጅ ከተያዘ እኩል ድርሻ 29 ደቂቃ ነው። በ9 ለ9 ጨዋታው 60 ደቂቃ፣ ልጆቹ እስከ 16 ናቸው፤ ድርሻው 34 ደቂቃ ገደማ። በ13 እና በ14 ዓመት 70 ደቂቃ ለ18 ልጅ ሲካፈል 43 ደቂቃ ይደርሳል። እንግዲህ «እያንዳንዷ ግማሽ ጨዋታ ትጫወታለች» የሚል ክለብ ከእኩል ድርሻ ብዙ አልራቀም፤ እስከ 12 ዓመት ድረስ ከዚህ በታች የሚሰጥ ክለብ ግን የአንዷን ክፍያ ለሌላዋ ልምድ እያዋለው ነው። 16 የሚመዘግብ ክለብና 13 የሚመዘግብ ክለብ ዋጋቸው አንድ ከሆነ ሁለተኛው በጣም ርካሽ ነው፤ በ13 ልጅ ድርሻው ወደ 41 ደቂቃ ተኩል ይወጣል። ከመፈረማችሁ በፊት «ስንት ልጅ ትይዛላችሁ?» ብላችሁ ቁጥር ተቀበሉ። «ለቶርናመንት እንግዳ ተጨዋች ታመጣላችሁ?» የሚለውንም ጨምሩበት። ለፍጻሜ ጨዋታ ከሌላ ቡድን የመጣች ልጅ የምትጫወተው የማንን ደቂቃ እንደሆነ ግልጽ ነውና።

ደቂቃው ብቻም አይበቃም። ደካማ የተባለችውን ልጅ ቀኝ ተከላካይ ላይ አስቀምጦ ዓመቱን ሙሉ እዚያው መተው የተለመደ ዘዴ ነው፤ ደቂቃዋን ታገኛለች፣ ኳስ ግን አታገኝም። እስከ 12 ዓመት እያንዳንዷ ልጅ በአንድ ወቅት ውስጥ ቢያንስ በሦስት ቦታ መሰለፍ አለባት፤ ከሦስቱ አንዱ መሃል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዙሪያዋን ማየት የምትለምደው እዚያ ነውና። ግብ ጠባቂነትም በ9 ዓመት ለአንዲት ልጅ ብቻ የሚሰጥ ሥራ አይደለም።

ልምምዱን ለመመዘን የስልክ ሰዓት ይበቃል። 12 ልጆች በአንድ ሰልፍ ቆመው ተራ በተራ ወደ ግብ የሚመቱበትን ልምምድ አስቡ። አንዷ መትታ ተራዋን እስክትለቅ 15 ሰከንድ ቢፈጅ ተራው ተመልሶ የሚደርሳት ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ስድስት ወይም ሰባት ምት፣ የቀረው ወሬ። ያንኑ ልምምድ በሦስት ሰልፍና በሦስት ትንንሽ ጎል ቢያደርገው ምቱ ወደ 20 ይደርሳል። ለሦስት ጎል ገንዘብ አያስፈልግም፣ ስድስት ኮን ይበቃል። ከ90 ደቂቃው ግማሽ ያህሉ 3 ለ3፣ 4 ለ4 የመሰለ ጠባብ ጨዋታ ካልሆነ፣ ኳስ ከልጆቹ ቁጥር ካነሰ፣ አሰልጣኙ ቆሞ ከሁለት ደቂቃ በላይ የሚሰብክ ከሆነ፣ ያ ክለብ ያለው ዋንጫ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ሌላ ክለብ ያሳደጋቸውን ልጆች በሙከራ ሰሞን ይሰበስባል ማለት ነው። ቴስታም ደንብ አለው፦ በ11 ዓመት ቡድንና ከዚያ በታች በልምምድም በጨዋታም ክልክል ነው፤ በ12 እና በ13 ዓመት ቡድን ልምምዱ በሳምንት ከ30 ደቂቃ እንዳይበልጥ፣ አንዲት ልጅም ከ20 ጊዜ በላይ እንዳትመታ ተወስኗል።

አገልግሎቱ በብዛት የሚጎድለው ስለ ሴት ልጅ ሰውነት ነው። የፊተኛው የጉልበት ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ ሴት ተጨዋቾችን በሁለትና በሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ አደጋው ከጉርምስና ጋር ያድጋል። መከላከያው ውድ አይደለም። ፊፋ 11+ የተባለው ማሟሟቂያ 20 ደቂቃ ይፈጃል፦ 8 ደቂቃ ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የሆድ፣ የጭን ጀርባና የሚዛን ሥራ ከዝላይ ጋር፣ ከዚያ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ መሠራት አለበት። የሚበላሸውም በአብዛኛው ዝላዩ ላይ ነው፤ ልጆቹ ሲያርፉ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ቆሞ «ጉልበትሽን ከእግር ጣትሽ ጋር አስተካክዪ» የሚል ሰው ከሌለ የተሳሳተውን ያጠናክራሉ። በአንድ ቅዳሜና እሑድ አራትና አምስት ጨዋታ የሚደረግበት ቶርናመንትም ዋንጫ ማምጫ እንጂ ማሳደጊያ አይደለም፤ የመጨረሻውን ጨዋታ የሚጫወቱት በደከመ እግር ነው።

ስለ ወር አበባ ክለቡ ምን ዕቅድ እንዳለው ስትጠይቁ አሰልጣኙ ቢያፍርም መልስ ይኑረው። ነጭ ቁምጣ የሚያስለብስ ክለብ ጉዳዩን አላሰበበትም። በ15 ዓመቷ ያላየች፣ ወይም ጀምራ ሦስት ወር የቀረባት ተጨዋች ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባት፤ ብዙ ጊዜ ከሥራዋ ጋር የሚመጣጠን ምግብ አለመብላት ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ሁዳዴ ከጸደይ ወቅት ጨዋታ ጋር ይገጥማል። የምትጾም ልጅ ከልምምድ በኋላ ምስርና ሽሮ በርከት አድርጋ ትብላ፤ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቢጨመርበት ብረቱ በደንብ ይወሰዳል፣ ሻይ ግን ከማዕዱ ጋር ባይሆን ይመረጣል። የእሑድ ጠዋት ጨዋታ ከቅዳሴ ጋር እንደሚጋጭም ከመፈረም በፊት መነጋገር ይሻላል።

የሊጉን ባጅ በተመለከተ። በ2009 የተመሠረተው ኢሲኤንኤል እና በ2020 የተቋቋመው ገርልስ አካዳሚ ከፍተኛ የሚባሉት የሴት ልጆች ሊጎች ናቸው። ሁለተኛው የመጣው ፌዴሬሽኑ በ2017 ለሴቶች ጀምሮት የነበረውን የልማት አካዳሚ በ2020 ሲዘጋ ነው፤ ያ አካዳሚ ልጆቹ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው እንዳይጫወቱ ይከለክል ስለነበር ብዙ ቤተሰብ አኩርፎበት ነበር። ማወቅ ያለባችሁ ግን አንድ ነገር ነው፦ ክለቡ ኢሲኤንኤል መሆኑ ልጃችሁ በኢሲኤንኤል ትጫወታለች ማለት አይደለም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቡድን በሌላ ሊግ ነው የሚጫወተው፤ ማሊያው ላይ ያለው አርማ አንድ ነው፣ አሰልጣኙና ተጋጣሚው ሌላ። ሦስተኛ ቡድን ተቀያሪ ከመሆን በአቅራቢያ ባለ ክለብ ቋሚ ተሰላፊ መሆን ይሻላታል።

ከ2026-27 የውድድር ዓመት ጀምሮ አብዛኞቹ ሊጎች የዕድሜ መቁረጫውን ከጥር 1 ወደ ነሐሴ 1 ይመልሳሉ፤ በእነሱ አቆጣጠር ማለት ነው። ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ የተወለዱት ከትንሾች ወደ ትልልቆች ተራ ይሻገራሉ፣ በጥር የተወለዱት ትልቅነታቸውን ያጣሉ። በቁመት ቡድን የሚሠራ አሰልጣኝ የሚወዳቸውን ልጆች በአንድ ሌሊት ይቀይራል፤ ለግምገማ የሚመች ሰሞን ነው።

«ከእኛ ዘንድ ኮሌጅ በነፃ» የሚለውን ወሬ በ11 ዓመት ልጅ ላይ አትግዙት። የኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው በኤንሲኤኤ ደንብ የዲቪዥን አንድ (የከፍተኛው ምድብ) ኮሌጅ አሰልጣኝ ልጅቷን ማነጋገር የሚችለው 10ኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ ከሰኔ 15 ጀምሮ ነው፤ በፈረንጆቹ። እስኮላርሺፑም ብዙውን ጊዜ ለብዙ ልጅ እየተሸራረፈ የሚሰጥ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ የሆነችውን ናኦሚ ግርማን እያነሱ የሚያባብሉም አሉ። የእሷ መነሻ ግን ሳን ሆሴ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ያቋቋሙት ማለዳ የተባለ የማኅበረሰብ ቡድን ነው፤ በ2022 በአሜሪካ የሴቶች ሊግ ድራፍት (ክለቦች አዲስ ተጨዋች በየተራ በሚመርጡበት) አንደኛ የተመረጠችውም፣ በ2025 ቼልሲ ከሚሊዮን ዶላር በላይ የከፈለባትም ያቺው ልጅ ናት። ሰፈር ውስጥ ኳስ የሚመታ ሁሉ ናኦሚ ይሆናል አንልም፤ በ8 ዓመት ውድ ባጅ ግዴታ እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

አሰልጣኝን መጠየቅ ድፍረት ይመስለንና ዝም እንላለን። እዚህ አገር የተለመደው ከጨዋታ በኋላ 24 ሰዓት አሳልፎ በኢሜይል መጠየቅ ነው፤ ልጅቷ 13 ከሞላት ደግሞ መጀመሪያ ራሷ «ምን ላሻሽል?» ብላ ትጠይቅ። ከአሰልጣኙ ጋር የሚኖራት ማንኛውም የግል ንግግር ሌላ ሰው ሊያየው በሚችል ቦታ ይሁን፤ ይህ ስፖርተኞችን ከጥቃት ለመጠበቅ የወጣው የሴፍስፖርት ደንብ ነው፣ የአሰልጣኙን የሥልጠና ማረጋገጫ መጠየቅም መብታችሁ ነው።

ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ክለቡ ልጅቷን ተቀብያታለሁ ሲል ብዙ ጊዜ በ24 ወይም በ48 ሰዓት ውስጥ መልስና ቀብድ ይጠይቃል፤ ቀብዱ አይመለስም። ልጅቷ ጉልበቷን ብትጎዳ ቀሪው ክፍያ ይቆማል ወይስ አይቆምም? አሰልጣኙ ከወቅቱ በፊት ቢለቅስ? ቡድኑ ከታሰበው ሊግ ቢወርድስ? የገንዘብ እርዳታ ካስፈለጋችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አመልክቱ፤ ቀብድ ከከፈላችሁ በኋላ መደራደሪያ አይኖራችሁም።