ስብራት የሚታሰርበት ጄሶ ፋሻ ለሞዴል ባቡር ተራራ፦ ለወሎ ገደል ይበቃል?

እቃው 15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2.7 ሜትር ርዝመት ያለው ተራ የጄሶ ፋሻ ጥቅል ነው። ደሴም ኮምቦልቻም የሕክምና መገልገያ ከሚሸጥበት ቤት ይገኛል። እዚህ የሚመዘነው ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሃራ ገበያ የሚዘልቀውን የባቡር መስመር አሳንሰው ለሚሠሩ ሰዎች ተራራ ሲያለብስ ነው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፦ ለቆዳነት አቻ የለውም፤ ለአጥንትነት አይረባም፤ ለገደል ደግሞ ውሸታም ነው።

ልኩን ሳይዙ ፋሻ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤችኦ በሚባለው 1 ለ 87 ልክ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሰው ቁመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው 600 ሜትር ገደማ ዳገት ግን በዚሁ ልክ ወደ 7 ሜትር ይመጣል፤ ጣራ ያስቀድዳል። ስለዚህ ሐዲድ፣ ቤትና ሰው በልካቸው ይሠራሉ፣ ተራራ ይቆነጠጣል። ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ጀርባ፣ ጫፉ በግራጫ ሰማያዊ ቀለም ከደበዘዘ፣ የደሴው ጦሳ ተራራ በጭጋግ የተሸፈነ ያህል ይታያል።

ፋሻው የሚያርፍበት አጥንት ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም ይሠራል። ፎሙን በኮላ አጣብቁ። ማስቲሽ ፎሙን ይበላዋል፤ ጠዋት የተለጠፈው ማታ ተቦርቡሮ ይገኛል። ተዳፋቱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው የካርቶን ቅዶችን እንደ ሰሌን ጠልፋችሁ ክፍተቱን ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች አድርጉት። ከዚያ ከሰፋ እርጥቡ ፋሻ ይረግብና ኮረብታው የተቀመጡበት ትራስ ይመስላል።

አሁን ፋሻው። 20 ሴንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ ለብ ባለ ውሃ ለሦስት አራት ሴኮንድ ንከሩት፤ አረፋው ሲቆም አውጡ። እንደ ልብስ አትጭመቁት፣ ጄሶው ከውሃው ጋር ይወጣና ባዶ ሻሽ ይቀራችኋል። ግማሽ በግማሽ እያደራረባችሁ ካነጠፋችሁ በኋላ በእርጥብ ጣት ክብ እያዞራችሁ እሹት፤ የሻሹ ቀዳዳ ሁሉ በነጭ ሊጥ እስኪደፈን ድረስ ማለት ነው። ይህችን ግማሽ ደቂቃ የዘለለ ሰው ቀለም ሲቀባ የወንፊት ምልክት ከየተራራው ላይ ያፈጥበታል። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ውስጥ መጠንከር ስለሚጀምር በአንዴ ከሦስት ቁራጭ በላይ አትንከሩ።

አንድ ጥቅል ተዘርግቶ 0.4 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ሁለት ድርብ ስለሚያስፈልግ 0.2 ቁጠሩት። ለአንድ ካሬ ሜትር ተዳፋት አምስት ጥቅል ይሄዳል። በክብደት ሲሰላ ከጆንያ ጄሶ በእጅጉ ይወደዳል፤ ሆኖም ቀጭን ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ሰሌዳው ለመሸከም ይቀላል።

ትልቁ ችግር ከመደርደሪያ ላይ የከረመ ጥቅል ነው። እርጥበት የጠጣ ጄሶ መልሶ አይጠነክርም። ከመክፈላችሁ በፊት ጥቅሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት፦ እንደ ዱቄት ከለሰለሰ ደህና ነው፤ እንደ ጨው አንኳር ከተንኮሻኮሸ ይቅርባችሁ። የከፈታችሁትን ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት። መጠንከርና መድረቅ ደግሞ ለየቅል ናቸው። ኮምቦልቻ በበጋ በአንድ ቀን የሚደርቀው ደሴ በክረምት ጭጋግ ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ቸኩሎ የተቀባ ቀለም ይላጣል፣ ሻጋታም ያወጣል።

ገደል ላይ ፋሻው ይከዳል። ተራራ ላይ ጋቢ የጣላችሁ ይመስል ሁሉን ያድበለብለዋል፤ የወሎ ገደል ደግሞ ጥቁር ድንጋይ በንብብር የተቆለለበት፣ ጠርዙ የሚቆርጥ ነው። እዚህ ላይ የጆንያ ጄሶ ይበልጣል። የወጥ ቤት ፎይል ጨብጣችሁ አጨማዱና ዘርጉት፣ ሁለት እጅ ጄሶ በአንድ እጅ ውሃ ላይ ነስንሳችሁ በጥብጡና አፍስሱበት። ውሃውን ዱቄቱ ላይ ከደፋችሁ ይጓጉላል። ሲጠነክር ፎይሉን ልጡ፤ የተሰነጠቀ ድንጋይ ይወጣላችኋል። እርከንም ከፋሻ አይወጣም። የ1 ሜትር እርከን በልኩ 11 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን 3 ሚሊ ሜትር ካርቶን አራት ደርባችሁ ከፋሻው በፊት ለጥፉ።

አፈሩ ከደጅ ነው። ምጣድ ላይ አምሱት፣ በሻይ ማጥለያ ንፉት፣ ከዚያ ማግኔት አሳልፉበት። ማግኔቱን የዘለለ ሰው የብረት ብናኙን በኋላ ከሎኮሞቲቩ ሞተር ውስጥ ያገኘዋል። በሐዲዱ መካከል የሚነጠፈውን ጠጠር አስቀድማችሁ አልኮል ንፉበት፤ ቀጥሎ አንድ እጅ ኮላ በሁለት እጅ ውሃ፣ ከአንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጋር፣ በመርፌ አንጠባጥቡ። ያለ አልኮል ኮላው ይንከባለልና ጠጠሩን ያንሳፍፈዋል። ሐዲድ የሚቀያየርበት ቦታ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ፤ የሚንቀሳቀሰው ምላስ ከተጣበቀ መንቀል ነው።

ቤት ላይ ፋሻ መጠቀም ስህተት ነው፤ ግድግዳው ያብጣል። ግድግዳ ከካርቶን፣ የሣር ክዳን ከጤፍ ጭድ ይበቃል። ቆርቆሮው ግን ደስ የሚል ዘዴ አለው፦ የእውነተኛው ቆርቆሮ ሞገድ 7.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በልኩ 0.87 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የ5 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርስ 0.8 ነው። ፎይል ደርባችሁ የጎማ ንጣፍ ላይ ዘርጉና ብሎኑን ጫን አድርጋችሁ አንከባልሉ። ጥርሱ ጠመዝማዛ በመሆኑ መስመሩ ትንሽ ያጋድላል፤ ስትቆርጡ የፎይሉን ጠርዝ ሳይሆን መስመሩን ተከተሉ።

የጄሶውን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሐዲዱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፤ የደረቀ የጄሶ ጠብታ የባቡሩን ጎማ ያዘልላል። የነከራችሁበትን ውሃ ደግሞ መታጠቢያ ውስጥ አትድፉ። ጄሶ ውሃ ውስጥም ይጠነክራል፤ ቧንቧው ከተደፈነ ማስከፈቻው ከአምስቱ ጥቅል ይወደዳል።