ትምህርት ቤታችንን ለሚመሩ ሴቶች ምስጋና፣ ለወለቴና ለዓለም ገና ወላጆች ጥቆማ

ከአየር ጤና ወደ ሰበታ በሚወስደው የጅማ መንገድ፣ በወለቴና በዓለም ገና አካባቢ የምትኖሩ፣ በተለይም በቅርቡ ወደ ሰፈሩ ገብታችሁ ለልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የምታፈላልጉ ወላጆች ይህን ጽሑፍ እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ልጆቼ የሚማሩት ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ በምትገኝ፣ በአንዲት ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን በምትተዳደር፣ ከኬጂ እስከ 8ኛ ክፍል በምታስተምር ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከርእሰ መምህርነት እስከ ገንዘብ ያዥነት፣ ከኬጂ ኃላፊነት እስከ በር ጥበቃ ድረስ ይህችን ትምህርት ቤት ቀጥ አድርገው ያቆሟት ሴቶች ናቸው። ምስጋናዬን በአደባባይ ልጽፍ መሆኑን ስነግራቸው ስማቸው እንዳይጠራ ስለ ለመኑኝ በሥራ ድርሻቸው ብቻ አነሣቸዋለሁ፤ ትምህርት ቤቷን ማወቅ የሚፈልግ ወላጅ ግን በግል ቢጽፍልኝ አድራሻዋን በደስታ እነግረዋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። እኔና ባለቤቴ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች ነን፤ ልጆቻችንንም በዚያው ሥርዓት ነው የምናሳድጋቸው። ስለዚህ ልጆቻችንን ሌላ ቤተ እምነት ወደሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ለመላክ ስናስብ ዘመድም ጎረቤትም «ልጆቻችሁን ሊቀይሩባችሁ ነው» እያለ ማስጠንቀቁ አልቀረም፤ እኛም ስጋቱን አቅልለን አላየነውም። ለምዝገባ በሄድን ጊዜ ይህንኑ ጥያቄ ለርእሰ መምህርቷ ፊት ለፊት ስናቀርብላቸው ሳይቆጡና ሳያለባብሱ መለሱልን። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ እንደሚያዝዝ፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት የሚሰጡባቸውን ተቋማት እንዲያቋቁሙ እንደሚፈቅድ፣ በመሆኑም በትምህርት ቤቷ በመደበኛው ሰዓት የሚሰጠው የመንግሥት ሥርዓተ ትምህርት ብቻ እንደሆነ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ የሰንበት ትምህርት ግን እሑድ ጠዋት ለፈቀደ ቤተሰብ ብቻ እንደሚሰጥ አስረዱን። ያሉትም ሆኖ አገኘነው፤ ልጆቻችን ከክፍል ስብከት ሰምተው የመጡበት ቀን የለም። ይህን ስል ግን የእነዚህ ሴቶች እምነት ከትምህርት ቤቷ አጥር ውጭ ቀርቷል ማለቴ አይደለም። በክፍያ አሰባሰባቸው፣ ሕፃን በሚቀጡበት አኳኋን፣ ስብሰባ በሚመሩበት ትዕግሥት፣ ማዕድ በሚያቀርቡበት ጥንቃቄ ሳይቀር አይቼዋለሁ፤ ምስጋናዬም ከዚህ የመነጨ ነው።

ርእሰ መምህርቷ ኃላፊነቱን የተረከቡት ለብዙ ዓመታት ሒሳብ ካስተማሩ በኋላ ነው። በተሾሙበት ጊዜ አንዳንድ ወላጆች «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን የአባቶች ተረት ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች ሄደው እንደነበር፣ ሽማግሌዎቹም «ጉዳያችሁን ለርእሰ መምህርቷ አቅርቡ» ብለው እንደመለሷቸው ከቆዩ ወላጆች ሰምቻለሁ። እኔ ራሴ የመሪነት ችሎታቸውን ያየሁት የወርሃዊ ክፍያ ጭማሪ በተነሣበት የወላጆች ስብሰባ ላይ ነው። በብዙ ቦታ እንደምናውቀው ጭማሪ ተወስኖ በወረቀት ይደርሰናል፤ እርሳቸው ግን ጠመኔ አንሥተው የመምህራንና የሠራተኞች ደመወዝ፣ የመጻሕፍት፣ የጥገናና በቦቴ የሚመጣው ውኃ ወጪ ስንት እንደሆነ፣ ከወላጅ የሚሰበሰበው ደግሞ ስንት እንደሆነ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፉልን። አንድ አባት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲቆጣ አላቋረጡትም፤ ሲጨርስ በቅድሚያ ስለ ቁጥሩ መለሱለት፣ ከዚያም ስለ ቅሬታው። በአፋን ኦሮሞ ለጠየቀ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ ለጠየቀ በአማርኛ እየመለሱ፣ አንዱ የተናገረውን ለሌላው ራሳቸው እያስተረጎሙ ስብሰባውን መሩት። ጭማሪው በአንድ ጊዜ ከሚሆን በሁለት ዙር ይከፈል የሚል ሐሳብ ከእናቶች በኩል ሲመጣ እዚያው ሰሌዳ ላይ ደምረው ቀንሰው፣ የመምህራንን ደመወዝ ሳይነካ የሚቻል መሆኑን አሳይተው ተቀበሉት። የተቆጣው አባትም እጁን አውጥቶ ሐሳቡን ከደገፉት አንዱ ነበር።

ስለ ገንዘብ ያዧ የምናገረው ላላየው ሰው ቀላል ይመስል ይሆናል፤ ልጅ ላለው ግን ቀላል አይደለም። ልጆቼ ከዚህ ቀደም በሌላ ትምህርት ቤት ሲማሩ፣ የወሩ ክፍያ በዘገየበት ጊዜ ትልቁ ልጄ በጓደኞቹ ፊት ስሙ ተጠርቶ ከክፍል እንዲወጣ ተደርጎ ነበር፤ ማታ ራቱን ሳይበላ የተኛበትን ምክንያት ያወቅነው ቆይተን ነው። እዚህ የክፍያ ጉዳይ ልጅ ጆሮ አይደርስም። ገንዘብ ያዧ ራሳቸው ለወላጅ ይደውላሉ፣ ችግሩን ያዳምጣሉ፣ የመክፈያ ቀን ያራዝማሉ፤ ያራዘሙትንም በመዝገብ ጽፈው ያስፈርማሉ፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ሳይረሱና ሳያፍሩ ይጠይቃሉ። ርኅራኄና የሒሳብ ጥንቃቄ እንዲህ አብረው ሲሄዱ በሌላ ቦታ እምብዛም አላየሁም። የቤተ ክርስቲያኒቱ የሴቶች ኅብረት መክፈል ለማይችሉ የተወሰኑ ልጆች ይከፍላል፤ እነማን እንደሆኑ የሚያውቁት ግን ርእሰ መምህርቷና ገንዘብ ያዧ ብቻ ናቸው። ልጆቹ ዩኒፎርማቸው ከሌሎቹ አይለይም፤ ለለጋሽ ምስጋና ተብሎ በሰልፍ ላይ አይቆሙም፤ ፎቶግራፍም አይነሡም። ለድሆች በሚደረግ ርዳታ ስም ስንት ሕፃን ፊቱ ለዓለም እንደሚታይ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አካባቢያችን የፋብሪካ ሰፈር ነው። ከዓለም ገና እስከ ሰበታ ባሉት ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚሠሩ እናቶች ገና ሳይነጋ ከቤት ይወጣሉ፤ ልጅን እስከ ሁለት ሰዓት የሚያቆይ ሰው ማግኘት ለእነርሱ ትልቅ ፈተና ነው። የኬጂ ኃላፊዋ ይህን አይተው የግቢው በር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንዲከፈት አስወሰኑ፤ ሌሎች መምህራን በተራ እንዲገቡ ሲያደርጉም የመጀመሪያውን ተራ የያዙት ራሳቸው ናቸው። ቀድመው ለሚደርሱ ሕፃናት በአንዱ ክፍል ምንጣፍ ይነጠፋል፤ እንቅልፍ ያልጠገበ ይተኛል፣ የራበው ሻይና ዳቦ ይሰጠዋል። እናቷ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ከአያቷ ጋር የምትኖር አንዲት ሕፃን ለረጅም ጊዜ ከሰው ጋር አልነጋገር ባለች ጊዜ፣ ኃላፊዋ እናቲቱን በስልክ አግኝተው፣ እናትየው ከሥራዋ በምታርፍበት ሰዓት ልጅቷ ቢሯቸው ተቀምጣ በቪዲዮ እንድታያት አደረጉ፤ ይህንንም በየሳምንቱ ቀጠሉበት። የሕፃኗ አያት ፊደል ስላልቆጠሩ የመገናኛ ደብተሩ ላይ የሚጻፈውን ማንበብ አይችሉም፤ መምህርቷም ይህን በማወቃቸው መልእክቱን በር ላይ በቃል ይነግሯቸዋል። እኚህ አያት ዛሬ ለልጅ ልጃቸው ጉዳይ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥተው የሚናገሩ ሰው ሆነዋል።

ልጆቹ ሁሉ «እማማ» የሚሏቸውን የበር ጠባቂዋን ደግሞ በአጭሩ ላመስግን። ልጅን ለማን እንደሚያስረክቡ የሚያውቁት በፊት ነው፤ ያልተመዘገበ ሰው አጎት ነኝ አክስት ነኝ ቢል ወደ ወላጅ ሳይደወል ልጅ አይሰጡትም። የገዛ ወንድሜ ዘግይተው በመልቀቃቸው ተቆጥቶ ነበር፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ማታ እግራቸውን ብስም ደስ ይለኝ ነበር።

ዘንድሮ የካቲት 29 ቀን የዓለም የሴቶች ቀን ሲከበር ትምህርት ቤቷ እነዚህን ሠራተኞች ለማክበር ወላጆችን ጠርታ ነበር። ዝግጅቱ የተለመደው የአበባና የኬክ ብቻ አልነበረም። የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ከመጽሐፈ መሳፍንት ነቢይቱ ዲቦራን በጭውውት አቀረቡ፤ በራማና በቤቴል መካከል ከዘንባባ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ለእስራኤል ስትፈርድ፣ የጦር አዛዡ ባርቅም አብራው ካልሄደች ወደ ጦርነቱ እንደማይሄድ ሲነግራት አሳዩን። ርእሰ መምህርቷ ይህን ታሪክ የመረጡበትን ምክንያት ሲናገሩ፣ እምነት ያላት ሴት ስትነሣ ሁልጊዜ ስለ ጓዳዋ ብቻ መወራቱ ስላሳሰባቸው፣ ልጆች ፍርድና አመራር የሰጠችዋንም ሴት በዚያው መጽሐፍ ውስጥ እንዲያገኟት እንደሆነ ገለጹ።

ከዚያ በኋላ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የአገራችንን ሴቶች ታሪክ አነበቡ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የአባቶቿን ሃይማኖት አልለውጥም ብላ በጣና ዙሪያ የመነኮሳት ማኅበራትን የመራችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ተነሣች። ለባርነት ወደ ዓረብ ምድር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ከመርከብ ላይ ነጻ የወጣችው፣ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምራ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የደከመችው፣ በኋላም በነቀምቴ ያስተማረችው አስቴር ጋኖ ተነሣች። በፋሺስት ወረራ ዘመን ወደ አዚናራ ደሴት ተግዘው የታሰሩት፣ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩትና እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ የተመረጡት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም፣ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ሄደው በድርቅ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ይዘው የተመለሱት፣ በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ወይዘሮ አበበች ጎበናም ተነሡ። የስዊድን ሚሲዮን ተማሪዋና የተዋሕዶዋ መነኩሲት በአንድ መድረክ፣ በእኩል ክብር ሲነሡ ሰምቼ እኔ በግሌ እጅግ ተነካሁ፤ አስቴር ጋኖ የተነበበችውም በአፋን ኦሮሞ ስለነበር አጠገቤ የተቀመጡት እናት እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

ቀኑ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነበር። አስተናጋጆቹ አብዛኞቹ ይህን ጾም በእኛ ሥርዓት የማይጾሙ ሲሆኑ፣ ለሁሉም የቀረበው ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት ነበር። ለጾመኛ የተለየ ጠረጴዛ አልተዘጋጀም፤ ሁላችንም፣ ሙስሊም ወላጆችም ጭምር፣ ከአንድ ማዕድ በላን። ይህን ያሰቡት ወጥ ቤቷን የሚመሩት ሴት መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ረቡዕና ዓርብም የልጆቹ መክሰስ ጾም እንዲሆን ያደረጉት እርሳቸው ናቸው።

በዚህ አጋጣሚ የምለው አለኝ። እንዲህ ያሉ ሴቶችን ስናመሰግን ደግነታቸውን አንሥተን ዕውቀታቸውንና ልፋታቸውን የመዝለል ልማድ አለን። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሒሳብ፣ በመዝገብ የተፈረመው የመክፈያ ቀን፣ የማለዳው የተራ ድልድል፣ የበሩ ቁጥጥር ተጠንተው የተሠሩ ሥራዎች ናቸው፤ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም መጥተው ቢማሩባቸው ይጠቀማሉ ብዬ አምናለሁ። የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎችም ለእነዚህ ሠራተኞች ከምስጋና ወረቀት በላይ የደመወዝ ማስተካከያና የሥልጠና ዕድል ቢያስቡላቸው የሁላችን የወላጆች ልመና ነው።

ለምትመርጡ ወላጆች ያልተሟላውንም መናገር ይገባኛል። ግቢው ጠባብ ነው፤ ለኳስ የሚበቃ ሜዳ የለውም። ቤተ ሙከራው ገና ነው፤ የሳይንስ መምህራኑ በብዛት የሚያስተምሩት ራሳቸው በሠሯቸው መርጃዎች ነው። ከአስፋልቱ የሚያስገባው መንገድ በሰኔና በመስከረም ጭቃ ስለሚሆን ለልጆች ቦት ጫማ ያስፈልጋል። የትምህርት ቤት ሰርቪስ ስለሌለ ልጅ ማድረስና መመለስ የወላጅ ድርሻ ነው።

ርእሰ መምህርት፣ ገንዘብ ያዥ፣ የኬጂ ኃላፊ፣ የወጥ ቤት ኃላፊና እማማ፣ ልጆቻችንን ስላከበራችሁልን እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቻችን ከልብ እናመሰግናችኋለን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። ለመመዝገብ የምታስቡ ወላጆች ደግሞ የኬጂ ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ ሰኔን ሳትጠብቁ ሂዱ፤ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና ከነበረበት ትምህርት ቤት የተሰጠውን መሸኛ ይዛችሁ ቅረቡ፤ የመክፈል ችግር ያለባችሁም ሳትሳቀቁ በቀጥታ ገንዘብ ያዧን አነጋግሯቸው።